ለስንተኛ ጊዜ?

«ቀኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህን ያህል፣ በአገራችን ደግሞ ለዚህን ያህል ጊዜ በተለያዩ ዝግጅቶች ተከብሮ ዋለ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የሬዲዮ አድማጭ ይኖር ይሆን? የቀኑ ስም ይቀየራል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ መሪ ቃሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ዜና በመጻፍ በኖርኩባቸው ዓመታት እኔም በብዙ ቀኖች ስም ጽፌዋለሁ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ያንገበግበኛል፤ የምንቆጥረው ምኑን ነው? የተቆፈረውን ጉድጓድ ነው? ከተቅማጥ የዳነውን ሕፃን ነው? ወይስ እኛ ስንት ጊዜ እንደተሰበሰብን?

ጥያቄው የጀመረኝ በአንድ ጥቅምት 5 ቀን ነው። ዕለቱ ዓለም አቀፉ የእጅ መታጠብ ቀን ነበር፤ እኔም ከከተማ ዳር ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘገባ ሄጄ ነበር። ባነሩ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ተወጥሯል። ልጆቹ ዩኒፎርማቸው ላይ ነጭ ቲሸርት ደርበው ተሰልፈዋል፤ ቲሸርቱ በትልቅ ሰው ልክ የተሰፋ ስለሆነ ትንንሾቹን ጉልበታቸው ድረስ ይሸፍናቸዋል። በግቢው ጥግ ስድስት ቧንቧ ያለው የሲሚንቶ መታጠቢያ አለ፤ ቧንቧዎቹ ግን ደርቀዋል። ከእንግዶቹ ጋር በፒክአፕ የመጡት ጀሪካኖች ወርደው መታጠቢያው ጀርባ ወዳለው ሮቶ ተገለበጡ። እንግዶቹ ታጠቡ፣ ካሜራው ቀረጸ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ የልጆቹ ተራ ሆነ። ሁለተኛ ክፍል የምትመስል አንዲት ልጅ ሳሙናዋን ይዛ ቧንቧው ሥር ስትደርስ ውኃው አለቀ። መምህሯ ጠጋ ብላ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ነገ ትታጠቢያለሽ» አለቻት። ልጅቷ ሳሙናውን በደረቅ እጇ እንደያዘች ወደ ሰልፏ ተመለሰች። በሳምንቱ በዚያው በኩል ሳልፍ ገብቼ አየሁ። ሮቶው ባዶ ነው። ባነሩ ግን አልወረደም።

ያን ዕለት የጻፍኩት ዜና ቀኑ በድምቀት መከበሩን ይናገራል። ውሸት አልነበረበትም። ታዲያ እውነት ነበረው ማለት ይቻላል?

ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕውቅና የሰጣቸው ዓለም አቀፍ ቀኖች ከ200 በላይ ናቸው። ንብ ቀን አላት፣ ቱና ዓሣ ቀን አለው፣ ጥራጥሬ ቀን አለው፣ ድንችም ከእነሱ ጋር ተጨምሯል። የእኛ መሥሪያ ቤቶችም ወደ ኋላ አላሉም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጳጉሜን ቀኖች ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው ስም ወጥቶላቸው፣ ጳጉሜን 1 የአገልጋይነት ቀን ተብሎ ነበር። ባለጉዳይ የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ጳጉሜን 1 ላይ በፈገግታ የተቀበለኝ መስኮት፣ መስከረም ሲጠባ «ነገ ና» የሚለኝ ለምንድን ነው? አገልግሎት የዓመቱ ሁሉ ሥራ ከሆነ አንድ ቀን ለይተን ስናከብረው ለቀሩት ቀኖች ምን እያልናቸው ነው?

ቀን መሰየም ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የዓለም የኤድስ ቀን እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር የበሽታው ስም በሹክሹክታ የሚነገርበት ዘመን ነበር። አስታማሚ በጎረቤት የሚሸሽበት፣ ቀባሪ የሞቱን ምክንያት የሚደብቅበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብሎ ሲናገር ቀኑ ሥራውን ሠርቷል። ዝምታ የሚገድልበት ቦታ መናገር መድኃኒት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሁሉም ችግር ከዝምታ የመጣ ነው ወይ? ያቺ ልጅ እጇን ያልታጠበችው መታጠብ እንዳለባት ስላላወቀች ነበር? ሳሙናውን ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ እኮ አይቻታለሁ። የጎደላት ውኃ ነው። ውኃ ለጎደለው ሰው ግንዛቤ ማስጨበጥ ምን ይፈይድለታል?

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ቀን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ላይ የሚውለውን የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን። ስሙ ሲጠራ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ጃክ ሲም የተባለ የሲንጋፖር ነጋዴ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2001 የዓለም የመጸዳጃ ቤት ድርጅትን ሲያቋቁም ሰው አፍሮ የማያነሣውን ነገር ማሻሻል አይችልም ብሎ ነበር የተነሣው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2013 ቀኑን ተቀበለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጡት ቁጥር መሠረት 3.5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ የንጽሕና አገልግሎት አያገኝም፤ 419 ሚሊዮኑ ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። ሜዳ የምትወጣ ሴት ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ይዛ፣ ውኃ ሳትጠጣ ውላ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ትጠብቃለች። ሲጨልም ደግሞ ጅቡም ሰዉም ያስፈራታል። እንግዲህ ጉዳዩ ይህን ያህል ከባድ ከሆነ ቀኑን የምናከብረው የት ነው? ብዙ ጊዜ በሆቴል አዳራሽ አይደለም ወይ? ጠዋት ምዝገባ አለ፣ የመክፈቻ ንግግር አለ፣ የሻይ ዕረፍት አለ፣ ፓናል ውይይት አለ፣ ሲያልቅ የውሎ አበል ፊርማ አለ። በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ሽንት ቤት የሌለው ሰው ማን ነበር? ተጠርቶስ ቢሆን ማን ያናግረው ነበር?

በአገራችን ሜዳ መጸዳዳት እንዴት እንደቀነሰ ታሪኩ ተጽፏል። እነዚሁ ሁለት ድርጅቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘገባ እንደሚለው በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወርዷል። በ25 ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣ አገር ብዙ አይደለም። ለመሆኑ ይህን ያመጣው የትኛው ቀን ነው? የትኛው መሪ ቃል ነው? ዓለም አቀፉ ቀን በጉባኤው ሲጸድቅ እኮ ሥራው አብዛኛው ተሠርቶ ነበር። ከሠሩት መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይገኙበታል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። መዝገባቸውን አቅፈው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ውሻ እየጮኸባቸው ከቤት ቤት ዞሩ። ጉድጓዱ ከውኃ ምንጩ ምን ያህል ይራቅ፣ ክዳኑ ከምን ይሠራ፣ አመድ የት ይቀመጥ ብለው አሳዩ። ያልቆፈረውን ሰው በሳምንቱ ተመልሰው ጠየቁት። «በሳምንቱ ተመልሰው» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። እኛ የዜና ሰዎች በሳምንቱ ተመልሰን ያውቃል?

የፊስቱላም ነገር እንዲሁ ነው። ቀኑ በተባበሩት መንግሥታት ደረጃ መከበር የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ያከሙት ሐኪሞች ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ግን አዲስ አበባ የገቡት በ1959 ነበር፤ ከቀኑ በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ተሠርቷል ማለት ነው። ሥራው ቀኑን ወለደው እንጂ ቀኑ ሥራውን አልወለደም። ታዲያ እኛ ዛሬ ከቀኑ ጀምረን ሥራውን የምንጠብቀው በምን ተስፋ ነው?

ከዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን በኋላ ሁለት ቀን ስትቆጥሩ ኅዳር 12 ትደርሳላችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቀን ባነር ሳያይ ያውቀዋል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። እናቴ በዋዜማው እኛን ልጆች አሰማርታ ጓሮውን፣ አጥር ሥሩን፣ የቦዩን ዳር ታስጠርገን ነበር። የተጠረገው ደጃፍ ላይ ይከመርና በሚካኤል ዕለት ይቃጠላል፤ ሰፈሩ በጢስ ይታፈናል፤ ማንም አያጉረመርምም። ቀኑን ያመጣው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው፤ ዓለምን የፈጀው ያ የስፓኝ ጉንፋን። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ የቀረበት ጊዜ ነበር። ሰዉ ጢሱ በሽታውን ያባርረዋል ብሎ ከተማውን አጠነ፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ማጠኑን አልተወም።

እዚህ ቀን ላይ ምን ይታያል? ማንም የመክፈቻ ንግግር አያደርግም፤ ሁሉም ሰው ግን አንድ ነገር ያደርጋል። ቀኑ መጥረጊያ ያስይዛል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውም ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም ይህንንም ቀን ከጥያቄ ነፃ አላወጣውም። የእናቴ ዘመን ቆሻሻ ቅጠልና ገለባ ነበር፤ የዛሬው ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና የሕፃን ዳይፐር ነው። ያን አቃጥለን ጭሱን ለልጆቻችን የምናስተነፍሰው የማንን ሕይወት ለማትረፍ ነው? እሳቱን የሚለኩሱት ወጣቶችስ በ1911 ስለ ሞቱት ሰዎች የነገራቸው አለ? መጥረጉን ይዘን ማቃጠሉን ብንተወው፣ ለሟቾቹም አንድ ሻማ ብናበራላቸው ቀኑ ይጎድልበታል ወይ?

ቀን ማክበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስንክሳር የተባለው መጽሐፍ ለዓመቱ ቀን ሁሉ የሚዘከርለት አለው፤ በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ይነበባል። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። «ዛሬ በታሪክ» የሚለው ፕሮግራም ሬዲዮ ሳይመጣ በፊት በእኛ ዘንድ ነበረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይሁን እንጂ ዝክር የሚባለው ነገር በወሬ አያልቅም። የማኅበሩ ተረኛ ጠላውን ይጠምቃል፣ ድፎውን ይደፋል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል፤ ደጅ የቆመው ነዳይ ቀምሶ ይሄዳል። በሙስሊሙ ቤትም ሰደቃ ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይበላል። ባዶ እጁን «ዘከርኩ» የሚል ሰው በሰፈሩ ምን ይባላል? እንግዲያውስ ስለ ድሆች የሚከበር ቀን ድሃው አንድ ጉርሻ ሳይቀምስበት ሲያልፍ «ተከበረ» የምንለው በየትኛው ወጋችን ነው?

በሌላው ዓለምም ቀኖች እንዲሁ ከመሠረታቸው ሲለቁ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ የዶናት ቀን የሚባል አለ፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በነፃ የሚታደለውን ዶናት ፎቶ ሲልኩልን እናያለን። ቀኑ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 በቺካጎ ነው። ያ የችግር ዘመን ነበርና ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለችግረኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ለወታደሮች ዶናት የጠበሱትን ሴቶችም ለማሰብ ያወጣው ቀን ነው። ከነፃ ዶናቱ ጀርባ ያሉትን ሴቶች ዛሬ ማን ያነሣቸዋል? የእናቶች ቀንን የጀመረችው አና ጃርቪስ ደግሞ በ1908 በዌስት ቨርጂኒያ እናቷን ለመዘከር ነበር የተነሣችው፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1914 አወጁላት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አበባና ካርድ ሻጮች ቀኑን ወሰዱት። ጃርቪስ የቀረ ዕድሜዋን የራሷን ቀን ስትቃወም ኖራ በ1948 ሞተች። በየዓመቱ በሜይ ሁለተኛ እሑድ የእናታችንን ፎቶ የምንለጥፍ ሰዎች፣ ፎቶውን ከመለጠፋችን በፊት ደውለንላታል?

ወደ «ዛሬ በታሪክ» ልመለስ፤ እሱም የራሱ ጥያቄ አለበት። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 ሠግር ስላልሆነ አንድ ቀን ተንሸራቷል። ይህን ያላስተዋለ አቅራቢ ከባዕድ ዝርዝር ገልብጦ «በዛሬዋ ዕለት» ሲል፣ የትኛዋን ዛሬ እየነገረን ነው? በራሳችን ቀን መቁጠሪያ የተመዘገበውን ድል ከሌላ ሰው መዝገብ መልሰን መተርጎም ለምን አስፈለገን?

ከዚህ የሚብስ አለ። ቀን ያለው ታሪክ ይታወሳል፤ ቀን የሌለውስ? አባቶቻችን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነውን ረኀብ «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት የተዛመተ በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ማረሻው ሲቆም ሰው ረገፈ። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ በተለምዶ ይነገራል። ያ «ቀን» አራት ዓመት ቆየ። በየትኛው ዕለት ላይ ታነቡታላችሁ? ጦርነት ቀን አለው፣ ዘውድ መጫን ቀን አለው፤ ቀስ እያለ የሚገድል ረኀብ ግን ቀን የለውም። በየዕለቱ የምናነበው ዝርዝር እንዲህ ያለውን ሞት ከጣለው ስለ ማን ታሪክ ነው የሚነግረን?

ቀኑን የሚመርጠውስ ማን ነው? ፋሽስት ጣልያን የተሸነፈበት የድል በዓል ዛሬ ሚያዝያ 27 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት። ደርግ ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር። ድሉ ያው ድል ነው፣ አርበኛውም ያው አርበኛ ነው፤ የተለወጠው መድረኩን የያዘው ሰው ነው። ከዚህም የከፋ ታሪክ አለን። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ በባንዲራና በቅስት አሸብርቃ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው አስጊጠዋት ነበር። የትግላችን ሐውልት በዚያው ሰሞን ነው የቆመው። በዚያው ጊዜ ወሎና ትግራይ በረኀብ ያልቁ ነበር። ከበዓሉ 41 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13፣ የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ድምፅ የኮረምን ሬሳ በቢቢሲ ለዓለም አሳዩ። የአገሩ ዜና ግን እስከዚያ ስለ ምን ሲያወራ ነበር? በዓሉ በምን ዓይነት ድምቀት እንደተከበረ አይደለምን? ሐውልቱ ዛሬም ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ቆሟል። በዚያ የሚያልፍ ወጣት መስከረም 2 ምን ቀን እንደነበረ ቢጠየቅ ብዙው አያውቀውም። ኮረምን ግን የወሎ እናት አልረሳችም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። በሚመጣው ኅዳር 10 የግብዣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አዳራሹ ድረስ ሂዱ፣ ንግግሩንም ስሙ። ከዚያ ተነሡና ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት በዚህ መድረክ ስንት ሽንት ቤት ሊሠራ ቃል ተገባ? ስንቱ ተሠራ? ያልተሠራው በማን እጅ ቀረ? ለዛሬው ዝግጅት ምን ያህል ወጣ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር? መልሱን ካገኛችሁ ዜናችሁ እሱ ነው። ካላገኛችሁም ዜናችሁ እሱ ነው። «ለስንተኛ ጊዜ ተከበረ» የሚለውን ቁጥር ተዉት።

በሳምንቱ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱና ቧንቧውን ክፈቱት። ውኃ ከወረደ ጻፉት፤ ካልወረደም ጻፉት።